ሻኮኑን ያወጣሁበት ቅዳሜ

የመቋሚያ ብረት የእንጨት ወለል ሲመታ «ጓ» ይላል። ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የምንሰማው ጓ፣ ጓ፣ ጓ ነበር፤ በመካከሉ አንዷ ምት «ድፍ» አለች። አሥራ አንድ ሰው ሙዚቃ እየተጫወተ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን ከመሪያችን ከጋሽ ታምራት አጠገብ ቆሜ የኖታ ገጽ እገልጥላቸው ነበርና ሰማሁ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ማን ከማን ጋር ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ አለዚያ የታሪኩ ጅራት ከራሱ ይቀላቀልባችኋል።

ወይንሸት እባላለሁ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከልጄ ከሶልያና ጋር እኖር ነበር። ቀን ቀን የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አስታማሚ ነበርኩ፤ ሆም ኬር የሚሉት ሥራ። ሶሊ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ቫዮሊን ትጫወታለች። እሷን የጋሽ ታምራት ቡድን ልምምድ አድርሼ መኪና ውስጥ ከምቀመጥ ብዬ ገባሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ስቀመጥ፣ ኖታ የሚባለው ነገር ዓይኔን ያዘው። ማንም አላስተማረኝም። ከላይብረሪ የልጆች መጽሐፍ ተዋስኩ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ፣ ሳህን ሳጥብ ምት ቆጠርኩ። በዓመቱ መጫወት ባልችልም ማንበብ ቻልኩ። ጋሽ ታምራት ይህን ያወቁ ዕለት፣ «ወይኒ፣ ከዛሬ ጀምሮ የወረቀቱ ሹም አንቺ ነሽ» አሉኝ። እንደ ሚኒስትርነት ነው የቆጠርኩት።

ጋሽ ታምራት ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። የመርጌታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸው ሥር ዜማ ጀምረው ነበር፤ ኋላ ቫዮሊን ወሰዳቸውና ለትምህርት አውሮፓ ሄዱ፣ አገር ቤት አብዮት ሲፈነዳም በዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ያላቸው እኛ ነበርን፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች፣ ከሥራ መልስ መሣሪያ የሚይዙ ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለት ፈረንጆችም ጭምር።

ያን ዓመት የያዝነው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ቲያትር የተጻፈ ሙዚቃ ነበር። ቲያትሩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዘፋኝ አለው፣ ጨፋሪ አለው፣ ከጣራ በገመድ የሚወርድ አምላክ አለው። እኛ ይህ ሁሉ የለንም። ጋሽ ታምራት ታዲያ ዘፈኖቹን ትተው መክፈቻውን፣ ጭፈራዎቹንና ማዕበሉን መረጡ፤ መርጠውም አንድ ላይ ሰፏቸው። ስዊት የሚባለው ይህ ነው። «ቲያትሩን አፍርሰን በድንጋዩ ትንሽ ቤት እንሠራለን» ይሉ ነበር። ሰባት ቁጥር፣ ማለት ሰባት ክፍል ሆነ። አምስተኛው ማዕበሉ፣ ስድስተኛው የእንቅልፍ ሙዚቃ፣ የመጨረሻው ሻኮን። ሻኮን ማለት ባሱ አራት ወራጅ ድምፆችን እየደጋገመ፣ ዜማው በላዩ ላይ እየተለዋወጠ የሚሄድ ረጅም ጭፈራ ነው። በመካከሉ አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይወጣል። ያ ቫዮሊን የሶሊ ነበር። ኮንሰርቱ በቪዲዮ ተቀርፆ ከሙዚቃ ኮሌጅ ማመልከቻዋ ጋር ሊላክ ነው፤ እኔ ለዚያች ቪዲዮ ሻማ ለኩሼላታለሁ።

ቅደም ተከተሉን ግን በየሳምንቱ ይቀያይሩት ነበር። «ከማዕበል በኋላ እንቅልፍ ነው፣ ወይስ ከእንቅልፍ በኋላ ማዕበል?» እያሉ በመቀስና በፕላስተር ሲቆርጡ ሲለጥፉ ይውላሉ። ስለዚህ ኖታችን ተጠርዞ አያውቅም። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ወረቀት ነው፤ የዕለቱን ቅደም ተከተል አሥራ አንዱ ፎልደር ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ተጫዋቹም ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን መጫወት ለምዷል።

ሌላው አመላቸው መቋሚያው ነው። በዚያ ዘመን የቲያትር ሙዚቃ የሚመራው ወለሉ በዘንግ እየተመታ ነበር አሉ። ይህን ያነበቡ ዕለት የአባታቸውን መቋሚያ ይዘው መጡ። «ደብተራ በመቋሚያ ሲያሸበሽብ ያየ ሰው ይህን ለመማር ፈረንሳይ መሄድ የለበትም» አሉን። መቋሚያው ግርጌ ላይ ሹል ብረት ነበረው፤ በክረምት በረዶ እንዳያዳልጣቸው ራሳቸው ያስገጠሙት ነው። ብረቱን ሳይነቅሉ ሙዚቃ መሩበት። ሶሊ አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ዛት ቲንግ ኢዝ ኤ ዌፐን» አለቻቸው፤ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል ማለቷ ነው። እሳቸውም ስቀው፣ «ልጄ፣ ድሮ አንድ የንጉሥ ሙዚቃ መሪ በዱላው የገዛ እግሩን ጣት ወግቶ በዚያው ሞተ ይባላል። እኔ ግን ጎጃሜ ነኝ፤ ዱላ አያያዝ አውቃለሁ» አሏት። ሁላችንም ሳቅን።

ወደ ረቡዕ እንመለስ።

ልምምዱ አልቆ ሰው ሲበተን ወረቀት እየሰበሰብኩ ጎንበስ አልኩ። የግራ ሸራ ጫማቸው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ረጥቧል።

«ጋሼ፣ እግርዎን ወጉት እኮ!»

«የቱን?»

«ግራውን።»

አጎንብሰው አዩት። «ጫማውን ነው እንጂ። ምንም አልተሰማኝም።»

ስኳር እንዳለባቸው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አንድ ቀን መርፌያቸውን ሲወጉ ደርሼባቸው ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ተወግቶ «አልተሰማኝም» ሲል ምን ማለት እንደሆነ በሥራዬ አውቃለሁ፤ እግሩ ደንዝዟል ማለት ነው።

«ያልተሰማዎት መሆኑ ነው የሚያስፈራው። ጫማውን ያውልቁልኝ።»

«ወይንሸት፣ ሰው ፊት ጫማ አላወልቅም። ቤቴ ገብቼ አየዋለሁ።»

ሙሉ ስሜን ከጠሩ ወሬው አለቀ ማለት ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሾርባ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ለመክፈት ቆዩ። ሲከፍቱ ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል።

«በግንቦት ሹራብ?»

«ኤሲው ነው» አሉ። ኤሲው አልተከፈተም ነበር።

በግድም በልመናም ካልሲያቸውን አወለቅሁ። ቁስሉ ምስር የምታክል ናት። ከላይ ያየ ሰው «ይህቺም ቁስል ሆና!» ይላል። ጠርዟ ግን ነጭ፣ ውስጧ ጥቁር ነበር፣ ሁለቱ ጣቶች አብጠው ያብረቀርቃሉ። ሽታውን አልገልጸውም። አንድ ጊዜ የሸተተው ሰው አይረሳውም።

«ይህ የሐኪም ነው። ይነሡ፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

«ከቅዳሜ በኋላ።»

«ጋሼ!»

«ስሚኝ ወይኒ። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ያስተኙኛል። ካስተኙኝ ቅዳሜ የለም። እነዚያ ልጆች ዓመት ሙሉ የለፉበት ሜዳ ላይ ይቀራል። እኔም ሌላ ዓመት መኖሬን አላውቅም።» እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይፋጃል። «ለማንም እንዳትናገሪ። በመድኃኔዓለም ማይልኝ።»

ሽማግሌ እጅ ይዞ ሲያስምል እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ማልኩ። ግን ነገረኛ ነኝና ባዶ እጄን አልወጣሁም።

«የመጨረሻዋ ኖታ ካለቀች በኋላ ግን የወሰድኩዎት ይሄዳሉ።»

«የመጨረሻዋ ኖታ ካለቀች ሲኦልም ብትወስጂኝ አልጠይቅሽም። በአባቴ አጥንት!»

ተማምለን ተለያየን። ቤቴ ስገባ ሶሊ ሻኮኗን ትለማመዳለች። ቆማ አየችኝና፣ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለች። «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

ዓርብ የመጨረሻው ልምምድ ወንዝ ማዶ ባለችው ከተማ በአሌክሳንድሪያ፣ ኮንሰርቱ የሚደረግበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጋሽ ታምራትን በእኔ መኪና ወሰድኳቸው። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ትራፊኩ ቆሟል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሳቸው ግን ማሞቂያ ክፈቺልኝ አሉ። ሶሊ ከኋላ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት አወረደች። «ማም፣ ሰምቲንግ ስሜልስ።»

«ከውጭ ነው» አልኩ።

በመስታወቱ ከሶሊ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። አላመነችኝም። ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

ልምምዱ ላይ ሁለት ጊዜ ምት ሳቱ። አርባ ዓመት ምት የቆጠሩ ሰው! ከዚያ ደግሞ ሶሊን «አልማዝ፣ ቀስቱን ቀለል አድርጊው» አሏት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አልማዝ የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው።

ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ዓርብም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ኮንሰርቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከመድረክ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ገባሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ለማስተካከል ሲታገሉ አገኘኋቸው። ግራ እግራቸውን አየሁት። ከቁርጭምጭሚቱ ተነሥቶ እንደ ቀይ ክር ወደ ጉልበት የሚወጣ መስመር። ሐሙስ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይህ ወደ ደም ገብቷል። አሁን እንሂድ።»

«ከመጨረሻዋ ኖታ በኋላ።»

«ይሞታሉ እኮ!»

«ተማምለናል» አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቋል። ዓይናቸው እኔን አልፎ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

አምቡላንስ ብጠራ መድረኩ ላይ ሆነው «አልሄድም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስሙንና ቀኑን የሚያውቅ ሰው እምቢ ካለ በግድ አይወሰድም፤ ይህንንም በሥራዬ ተምሬዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ፎልደሮቹ በሳጥን ውስጥ እጄ ላይ ነበሩ። ከአዳራሹ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ አበሻው ወንበር ይያያዛል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። የዚያን ጊዜ ነው የታየኝ። የማሉት «ከመጨረሻዋ ኖታ በኋላ» ብለው ነው። የመጨረሻዋ ኖታ የት እንደምትሆን የሚወስነው ደግሞ የወረቀቱ ሹም ነው።

መሬት ላይ ተንበረከክሁና ፎልደሮቹን ከፈትኩ። እንቅልፉን አወጣሁ። ሻኮኑን አወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ አሥሩን ጨረስኩ። የሶሊ ፎልደር ላይ ስደርስ ግን ወረቀቷን ይዤ ቀረሁ። በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «ብሪዝ»። እስትንፋስ የምትወስድበት ቦታ ነው። እስካሁን ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ አወጣሁት። ሁሉንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አምቡላንስ እንዲልኩ 911 ኮል አደረግሁ፤ አሁን ቢገቡ እምቢ እንደሚሏቸው ነግሬ በጎን በር እንዲጠብቁ ለመንኳቸው።

መክፈቻው ጥሩ ነበር። ጭፈራዎቹም ጥሩ ነበሩ፤ ሰው በየመካከሉ ያጨበጭባል። ጋሽ ታምራት ግን መቋሚያውን የሚመቱበት ሳይሆን የሚደገፉበት ሆኗል። ማዕበሉ ሲጀመር ቫዮሊኖቹ እንደ ንፋስ ሲሮጡ፣ ባሱ ሲያጉረመርም፣ መቋሚያው ጓ ይላል፣ ይዘገያል፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይመታል። ተጫዋቾቹ እሳቸውን ማየት ትተው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ላባቸው ከአገጫቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገባቸው ቆሜ ሲተነፍሱ እሰማለሁ፤ እንደ ሮጠ ሰው ነበር።

ማዕበሉ አለቀ። ጭብጨባ። ሰው ፎልደሩን ገለጠ። ባዶ ነው። እርስ በርሳቸው አንሾካሾኩ።

ጋሽ ታምራት ወደ እኔ ዞሩ። «እንቅልፉስ?»

«አልቋል ጋሼ። የመጨረሻዋ ኖታ አልቃለች።»

ፊቴን አዩት። ገባቸው። እንዲህ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት ማንም አሳይቶኝ አያውቅም፤ በአገሬ የካዱኝ ሰዎች እንኳ።

«ሻኮኑ ወረቀት አይፈልግም» አሉ ጮክ ብለው። ባሱን ወደሚይዘው ቼሎ ተጫዋች ዞሩ፤ ዮናስ የሚባል ታክሲ የሚነዳ ልጅ ነው። «ዮናስ፣ አራቷን ድምፅ ታውቃታለህ። ጀምር!»

ዮናስ ምን ያድርግ? ጀመረ። አራቱ ወራጅ ድምፆች፣ ደግሞ አራቱ።

«ሶልያና፣ በቃልሽ ትችያለሽ። ግቢ!»

ሶሊ ቫዮሊኗን አነሣች። በቃሏ ነበር የምታውቀው፤ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ትጫወተዋለች። ቀስቷ ክሩን ሊነካ ሲል ወደ እኔ አየች። ካሜራው ከፊት ለፊቷ ቆሟል። እኔ ጭንቅላቴን ብቻ ወደ ጋሽ ታምራት እግር ዝቅ አደረግሁ። ዓይኗ ተከትሎ ወረደ። ጫማቸው ዙሪያ ወለሉ ርሷል።

ቫዮሊኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ባሱ ብቻውን ዞረ። ሦስት ጊዜ ዞረ፣ ዜማ የሌለው። እንዲህ የሚያስፈራ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። በአራተኛው ዮናስም ቀስቱን አነሣ። ጋሽ ታምራት መቋሚያውን ለመምታት ከፍ አደረጉት፤ ሲወርድ አብረውት ወረዱ። እኔ በብብታቸው ያዝኳቸው። የአምቡላንስ ሰዎቹ ቃሬዛ ይዘው በጎን በር ሲገቡ ተሰብሳቢው የቲያትሩ አካል መስሎት አንዳንዱ ያጨበጭብ ነበር።

ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «መቼ ነው የሆነው?» አለኝ።

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ ቢመጡ ምናልባት ጣት ነበር የምንቆርጠው።»  ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። በሕይወት ግን ተረፉ።

በሳምንቱ ወሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፌርፋክስ ደረሰ። «ወይኒ ባትኖር ሞተው ነበር!» ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቶች ጉንጬን እየሳሙ መረቁኝ። ተመረቅሁ። አሜን አልኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አሜን ስል ከረምኩና አንድ እሑድ ቀን መራመድ የሚለማመዱበት ማገገሚያ ቤት ሄድኩ።

«ሌባዋ መጣች» አሉ ሲያዩኝ። ግማሹ ቀልድ ነበር።

ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ሐሙስ ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ያውቃሉ?»

«አስምዬሽ ነዋ።»

«አይደለም። ስንት ጊዜ ምዬ አፍርሻለሁ። ለሶሊ ነው። ቪዲዮው እንዳይቀርባት ነው። ሲያስምሉኝ ደስ ነው ያለኝ፤ መደበቂያ ሰጡኝ።»

 መስኮቱን ብዙ አዩት።

«ሶልያና ታውቃለች?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«‹ማም፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆሜም እቀርፀው ነበር› አለችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።»

ብርድ ልብሱን ባዶው ቦታ ላይ አስተካከሉ። ከዚያ፣ «እኔም ልንገርሽ» አሉ። «ያን ሐሙስ በሩን ከመክፈቴ በፊት በቀዳዳው አየሁሽ። ሌላ ሰው ቢሆን አልከፍትም ነበር። ይህቺ ልጇ ሶሎ አላት፣ እምቢ አትለኝም ብዬ ነው የከፈትኩልሽ።»

 አንድ ብርቱካን ልጬ ለሁለት በላነው።

አንባቢዎቼ፣ ይሉኝታ ክፉ ነው ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። ሽማግሌ ማክበርም፣ መሐላ መጠበቅም መልካም ነው። ግን እነዚህ መልካም ስሞች ለሌላ ነገር ጥሩ መሸፈኛ ይሆናሉ፤ ሸፋኙ ራሱ እንኳ እስኪረሳው ድረስ። አሁን ሰው እጄን ይዞ «ለማንም እንዳትናገሪ» ሲለኝ፣ ከመማሌ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ፦ ወይንሸት፣ ዝም ብትይ አንቺ ምን ታገኛለሽ? መልሱ «ምንም» ካልሆነ አልምልም። ይህን ሐሙስ መጠየቅ ነበረብኝ። የጠየቅሁት ቅዳሜ፣ የሶሊን ወረቀት ይዤ ስቀር ነው። በመካከሉ ያለው ሁለት ቀን የአንድ ሰው እግር ነው።